ምት የሚስተው የሸቤ ሞተር

ባለፈው ጥር ጅማ፣ ጅሬን ሠርግ ተጠርቼ፣ የበላሁት ሁሉ ሳይጥመኝ ቀረ። ምግቡስ ምንም እንከን አይወጣለትም ነበር፤ ያስጠላኝ ሙዚቃው ነው። የሙሽራው ጓደኛ ኮምፒውተር ደቅኖ የኦሮሞ ዘፈን ከፈረንጅ ዳንስ ጋር ያዋህዳል፤ በየመሃሉ ማይክሮፎን ይይዝና «በጅማ ታሪክ የመጀመሪያው!» ይላል። የመጀመሪያው! እኔ በልጅነቴ የጨፈርኩትን ማን ይንገረው?

ነገሩ በደርግ ዘመን ነው። ከጅማው መንደራ ቆጪ ሰፈር ወጥቼ ሸቤ ከተማ አክስቴ ዘንድ ስኖር፣ ቡና መፈልፈያ ግቢ ውስጥ ከሴቶች ጋር ቡና እለቅም ነበር። ጥቅምት ሲገባ፣ የመንገዱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ ቀይ ቡና የጫኑ በቅሎዎች በሩ ላይ ይሰለፋሉ። የተላጠው ልጣጭ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ይቦካል። ሽታው! ዝንቡ! የበቆሎ ቂጣዬን አፍንጫዬን ይዤ ነበር የምውጠው።

የመፈልፈያውን ሞተር የሚያስነሳው ኑሪ የሚባል የሸቤ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ እጁ ሁልጊዜ ግራሶ የነካው። ሹፌር ወንድሙ ከአሰብ ያመጣለት ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ነበረው። ሸቤ ያኔ መብራት ስላልነበራት፣ ኦርጋኑ የሚሠራው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ጆሮ ያደነቁራል። ኑሪ ምን ያድርግ? ሞተሩን ከበሮ አደረገው። አሮጌ ስለሆነ ዱግ ዱግ ይልና ድንገት አንዷን ምት ይስታል። እኛ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ እናጨበጭባለን። ኑሪ ከሬዲዮ የለቀመውን የሱዳን ዜማና የዲስኮ ዜማ ይደርብበታል፣ ሴቶቹ የለቀማ ዘፈናቸውን በኦሮምኛ ይቀበሉታል፣ አሮጊቷ አደ ዘሃራ በመንዙማ ይገቡበታል። ጭፈራው ስም እንኳ አልነበረውም። በውጭ ለሚያልፍ ሰው የሚሰማው ሞተር ብቻ ነው።

«ኮቱ ስርቢ! ነይ ጨፍሪ!» ይለኛል ኑሪ።

«ኧረ ቡናው ይጠብቀኛል!»

«ቡናው የት ይሄዳል? ሞተሯ ስትስት እግርሽን አንሺ፤ ወላሂ ሌላ ጥበብ የለውም።»

እንደዚያ ጨፍሬ አላውቅም። ሽታውንም ዝንቡንም እረሳው ነበር።

አንድ ቀን የወረዳው ካድሬ ሳይታሰብ ገባ። ክው አልን። የኢምፔሪያሊስት ጭፈራ ብሎ የሚያሳስረን መስሎን ነበር፤ ሰውየው ግን ወደደው። ብርቱካን እየበላ፣ ፍሬውን በለቀምነው ቡና ላይ እየተፋ፣ ጅማ ለአብዮቱ በዓል እንድናቀርብ አዘዘ። እምቢ ካልን ኦርጋኑ ይወረሳል።

«ጓድ፣ ሞተሯስ?» አለ ኑሪ። «ያለሷ አይሆንም።»

«ለሞተር ምትክ አናጣም።»

ምትኩ ቦት ጫማ ነበር። ጅማ አዳራሹ ውስጥ የኪነት ቡድኑን ጎረምሶች አሰልፈው የእንጨቱን ወለል ያስደበድቧቸዋል። የሴቶቹን ግጥም አውጥተው የምርት ዘመቻ መፈክር ከተቱበት። አደ ዘሃራን «ሃይማኖት ነው» ብለው አስቀሯቸው። ጫማው ደግሞ ምት አይስትም። እጄን አንስቼ የማጨበጭብበት ቦታ አጣሁ። አዳራሹ በትእዛዝ አጨበጨበ፤ ካድሬው በላብ የወዛ ፊቱን ጉንጫችን ላይ እያሻሸ ሳመን። የቡናው ጉድጓድ ከዚያ ይሻላል። እስከ ዛሬ ጉንጬን መታጠብ ያምረኛል።

ኦርጋኑንም «ለኪነት ቡድኑ ያስፈልጋል» ብሎ እዚያው አስቀረው። መጫወት የሚችል ሰው ጠፍቶ መጋዘን ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠራችበት። ኑሪ ባዶ እጁን ሸቤ ተመለሰ፤ ሞተሩ እንደ ድሮው አንዷን ሲስት እንኳ ቀና ብሎ አላየንም።

ጅሬን ሠርጉ ላይ ኑሪም ነበረ። ሞተሩ ጆሮውን ከወሰደው ቆይቷል። ንዴቴን እንዲካፈለኝ ብዬ እጁን ይዤ ወሰድኩትና መዳፉን ድምፅ ማጉያው ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ ስለገባኝ እኔም አብሬው ጠበቅኩ። ያቺ የምትሳተዋ ምት አልመጣችም። እጁን አነሳና በጋቢው ጫፍ ጠረገው።

«የአዳራሹ ጫማ ነው» አለኝ።

ልጁ አሁንም «የመጀመሪያው!» እያለ ይጮኻል። የእኛን ሰረቁት ብዬ ስንገበገብ ነበር የዋልኩት። ለካ የእኛን የሰረቀው እንኳ የለም።