የፍሬኑ ሽቦ

ፒያሳ ላይ ባጃጅ ፍሬን ሲይዝ የተቃጠለ ጎማ ከሸተተኝ፣ ወደ አዘዞ የሚወስደው ቁልቁለት ትዝ ይለኛል።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ነበርን። እኔና ጓደኛዬ ጌጡ ብስክሌት ተከራይተን ከአዘዞ ዳገቱን ወጣን፤ ግማሹን መንገድ እየገፋን ነው። አናቱ ላይ ስንደርስ የኔ ብስክሌት የፍሬን ሽቦ ተበጥሶ አየሁ። ፍሬን የሌለው ሰው ሲወርድ ለማቆም በጫማው የኋላ ጎማውን ይጫናል። እኔ ግን ፈራሁ።

«እንቀያየር፤ የኔው ይፈጥናል» አልሁት።

«ዛሬ ደግሞ ምን ቸር አደረገህ?» ብሎ እየሳቀ ወጣበት።

ከኋላው ስወርድ መታጠፊያው ላይ የሸራ ጫማው ሶል ሲቃጠል ሸተተኝ። ወዲያው ቦይ ውስጥ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ደግፌ አወጣሁት። ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደው ክንዱን አሰሩለት።

«ምነው ልጄ፣ ፍሬን የለውም?»

«በኃይል ስይዘው በጠስሁት መሰለኝ፣ አያ» አለ ጌጡ።

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «አንተ ሸጋ ጓደኛ ነህ። ጥለኸው አልሄድህም።»

እኔም አመሰገንኋቸው።

የጌጡ ክንድ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። የዚያን ቀን ነገር ለሰው ሲያወራ «ፍሬኑን የበጠስሁት እኔ ነኝ» እያለ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ።