አይናዲስ ከቤት እንዴት እንደወጣች

አይናዲስ ባሏና ልጇ ከሞቱባት በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ከቤቷ አልወጣችም። ቤቷ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ከወንዙ ወደ አራዳ በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ የተሠራች የሣር ክዳን ጎጆ ነበረች። ባሏ ፈቀደ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። በዚያ ዘመን ከተማው ሁሉ ቤት ይሠራ ስለነበር ሥራ አጥቶ አያውቅም። ልጃቸው ጽጌማርያም አራት ዓመቷ ነበር።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ ፈቀደ በተኛ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ ስለነበር የሚቀብር ሰው አልነበረም። አይናዲስ ራሷን ትኩሳት እያንገላታት ተነሣችና የታመመች ልጇን በጋቢ ጠቅልላ አስተኝታ፣ ሬሳ የሚያነሣ ሰው ፍለጋ ወጣች። ቤት ለቤት ስታንኳኳ ውላ ወደ ማታ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ተከተሏት። ቤት ሲደርሱ ልጅቷም ሞታ ነበር። ሰዎቹ አባትና ልጅን በአንድ ቃሬዛ አንሥተው ወደ ጊዮርጊስ ወሰዷቸው። አይናዲስ ጥቂት እንደተከተለቻቸው ጉልበቷ ከዳት። የት እንደተቀበሩ አላየችም።

ታናሽ ወንድሟ እምሩ ያን ጊዜ ወደ ጅማ የስልክ ሽቦ ከሚዘረጉት ሠራተኞች ጋር ነበር። በታኅሣሥ ሲመለስ እኅቱን ምድጃ ዳር ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል አገኛት። አነጋገሯ ደኅና ነው፤ ምግብም ታበስላለች። ነገር ግን ከመሸ በኋላ ወደ ጓሮ ከመውጣት በቀር ደፉን አትሻገርም። ውኃ ቀጂዋ እንስራውን በር ላይ ታወርድላታለች፤ ሸማኔው ፈትሉን መጥቶ ይወስዳል። ጎረቤቱ አንዱ ዛር ነው፣ ሌላው ትኩሳቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው አለ። የአራዳ ሰው ለሁሉ ስም ማውጣት ይወዳልና «የእሪ በከንቱ ባሕታዊት» የሚል ስም ወጣላት።

እምሩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ታገሠ። በግንቦት 1912 በቅሎ ተከራይቶ እንጦጦ ጠበል ሊያስጠምቃት መጣ። አይናዲስ አልተከራከረችም። ዐይኗን ጨፍና ተቀመጠችለት። ዳገቱን ጨርሰው የገበያው ጫጫታ ሲሰማ ግን ከበቅሎው ላይ ራሷን ወረወረች። አገጯ በድንጋይ ተተረተረ። ደሟን እያዘራች ቁልቁል ሮጣ ቤቷ ገባችና አልጋዋን ጎትታ ከበሩ ጀርባ አደረገችው። እምሩ ከዚያ በኋላ ደፍሮ ዐይኗን ማየት አልቻለም። ከከተማ ርቆ የሚያቆይ ሥራ ጠይቆ ሄደ፤ ስንቋን ግን በየወሩ በሰው ይልክላት ነበር።

በ1913 መስከረም ሲጠባ ከአጠገቧ ያለውን ቤት ከወሎ የመጡ ባልና ሚስት ያዙት። ባልየው ሙሄ የጨው ነጋዴ ነው። ሚስቱ ዐፊፋ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ፣ ግዙፍ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። በገቡ በሦስተኛው ቀን ዐፊፋ እሳት ልትጭር የአይናዲስን በር አንኳኳች። በሩ አልጋው እስኪያግደው ድረስ ብቻ ተከፈተ። ዐፊፋ በጎኗ ገብታ ፍሟን በገል ይዛ ወጣች። ለምን በጨለማ እንደምትቀመጥ አልጠየቀቻትም።

በማግስቱ አንድ እቅፍ ስንደዶና አክርማ ይዛ ተመለሰች። ዐፊፋ የምትኖረው በስፌት ነው፤ መሶብም ሙዳይም ሰፍታ ቅዳሜ ቅዳሜ አራዳ ገበያ ትሸጣለች። ጣቷን ወስፌ ወግቷት እንዳበጠና የአንዲት ሙዳይ መነሻ እንድትይዝላት ለመነቻት። አይናዲስ በልጅነቷ ከእናቷ ተምራ ነበር፤ ያገባች ጊዜ ተወችው። ሙዳይዋን ተቀበለች። በዚያው ቀን ስትሰፋ ውላ ከአሥር ዙር በላይ አስኬደችው። ዐፊፋ ስታየው የላላ፣ ጎኑ የተጣመመ ነበር። ፈታ ፈታ አድርጋ ከመነሻው አደረሰችውና መልሳ ሰጠቻት።

«በቀን አንድ ዙር» አለቻት። «ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ። ከዚያ ከበለጠ አላይልሽም።»

አይናዲስ አንድ ዙር ለመስፋት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅባትም ነበር። የቀረውን ቀን እንደ ልማዷ ትፈትላለች። ሆኖም ከእንቅልፏ ስትነቃ በመጀመሪያ የምታስበው ያቺ የቀረች ዙር እንደነበረች በኋላ ለወንድሟ ነግራዋለች።

ሙዳይዋ ስታልቅ ዐፊፋ ቀለም የገባ አክርማ አመጣችላት። ችግሩ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አይናዲስ በጨለማው ውስጥ አረንጓዴውን ከጥቁሩ እየቀላቀለች ትሰፋለች። ዐፊፋ ሥራውን ወደ ብርሃን አውጥታ ተመለከተችና ቀለም ብርሃን እንደሚፈልግ ብቻ ነግራት ሄደች። አይናዲስ ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው አልጋዋን ከበሩ ጀርባ አንሥታ ወደ ቦታው መለሰችው። በሩን አንድ ክንድ ያህል ከፍታ በርጩማዋን ከብርሃኑ ጫፍ አኖረች። በየሳምንቱ በርጩማዋ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋች ጥር ሲያልቅ ደፉ ላይ ደረሰች። መጀመሪያ እግሯን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ በኋላም እግሯን ወደ ውጭ ዘርግታ ትቀመጥ ጀመር። መንገደኛ ሲያልፍ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች፤ ሥራውን ግን አታቋርጥም።

ቀለሙን ራሷ መንከር ስትፈልግ ደግሞ የተነከረው አክርማ ፀሐይ ላይ መሰጣት ነበረበት። ለዚያ ሲባል እስከ አጥሩ ወጣች። የተሰጣውን ዶሮ እንዳይበትነው ቁጭ ብላ መጠበቅ ግድ ሆነ። ከዚያ የዐፊፋን ቤት ለመድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ነው የቀረው፤ ያንን ለመሄድ ግን ሁለት ወር ፈጀባት። ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመልሳለች። በአራተኛው ደርሳ ደጃፉ ላይ ቆማ ቆሎ በላችና ተመለሰች። ሙሄ የዚያን ቀን ቤት ነበር፤ ሚስቱ ቀድማ መክራው ኖሮ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። በቀጣዩ ዓመት በጋ አክርማ ለመዘፍዘፍ ከዐፊፋ ጋር ወንዝ ድረስ ትወርድ ጀመር።

በ1914 ክረምት አይናዲስ ዐፊፋን ሳታማክር አንድ ትልቅ መሶብ ጀመረች። እስከዚያ ድረስ የምትሰፋው የዐፊፋን ጥለት እያየች ነበር። ይኸኛው ግን የማንንም አይመስልም። ታቹ እንዲሁ ስንደዶ፣ ያለ ቀለም ነው። ከዚያ በላይ ቀይ ሊገባበት ሆነና ቀዩ አልስማማት አለ። ዐፊፋ አራዳ ካለው ሕንድ ነጋዴ ሱቅ ያመጣችውን አይናዲስ ነክራ አየችና ተወችው። ዐፊፋ ሌላ አመጣች፤ እሱም አልሆነም። ሦስተኛው ሲመጣ ይኼ የበርበሬ ቀይ እንደሆነ፣ እሷ የምትፈልገው ግን ሌላ እንደሆነ ተናገረች። ምን ዓይነት እንደሆነ ስትጠየቅ መግለጽ አቃታት።

«እንግዲያ እኔ በምን ዐይን ልምረጥልሽ?» አለች ዐፊፋ። «የሚያውቀው ያንቺ ዐይን ነው።»

መሶቡ ሳይነካ አንድ ወር ተቀመጠ። መስከረም ውስጥ አንድ ማለዳ አይናዲስ ነጠላዋን አጣፍታ የዐፊፋን በር አንኳኳችና ገበያው ሳይሞላ እንዲሄዱ ጠየቀቻት። የዐፊፋን ነጠላ ጫፍ ጨብጣ ዳገቱን ወጣች። ሕንዱ ገና ሱቁን መክፈቱ ነበር። የቀለም ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከፈተላት። አይናዲስ ጣቷን በምራቋ እያራሰች፣ ዱቄቱን እየነካች በጥፍሯ ላይ ታየዋለች። አራቱን መለሰች። ሰውዬው ተሰላችቶ ከጓዳ አንድ አሮጌ ቆርቆሮ አመጣ፤ ከታቹ የተጋገረ፣ ወደ ጥቁር ያደላ ቀይ ነበረበት። ያንን ወሰደች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከቤት መራቋን ጨርሶ ረስታው ነበር። ሲመለሱ ግን ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ዐፊፋ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያለች አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት።

መሶቡ ጥር ላይ አለቀ። ዐፊፋ አንሥታ ዙሪያውን አየችው። ከቀዩ በላይ ሁለት ነጭ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ከቀጭኑ አጠገብ አንድ ጥቁር መስመር ይነሣና ዙሩን ሳይሞላ ይቋረጣል። ዐፊፋ መስመሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው።

«ነጮቹ ከፈን ናቸው?» አለች።

«አዎ፤ የፈቀደና የልጄ።»

«ጥቁሩስ?»

«እኔ ነኝ። ልጄን ጥዬ የወጣሁበት ነው፣ እትዬ ዐፊፋ። ባልወጣ ኖሮ ብቻዋን አትሞትም ነበር።»

አይናዲስ ይህን ከአፏ ስታወጣ በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ዐፊፋ እሷም በወሎ ሁለት ልጆች እንደቀበረች፣ ሁለቱም እቅፏ ውስጥ እንደሞቱ ቀስ ብላ ነገረቻት።

«ከእጄ አልወጡም፤ ሞትን ግን አላስቀረሁም» አለች። «ወላሂ፣ ቤት ብትቀመጪም ያው ነበር።»

አይናዲስ አምናት እንደሆነ አይታወቅም። መሶቡን ወስዳ ከራስጌዋ ሰቀለችው። በማግስቱ ሌላ ጀመረች፤ ይኸኛው ቢጫና አረንጓዴ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለውጡ ፈጠነ ማለት አይደለም። ገበያ የምትወጣው በወር አንዴ፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ። ብቻዋን ስትሄድ እስከ ሦስት ቆጥራ ነው ከደፉ የምትነሣው። በ1918 የሙታኖቿ ሰባተኛ ዓመት ሲደርስ ያንን መሶብ ከተሰቀለበት አወረደችና ዳቦ ሞልታበት ጊዮርጊስ ሄደች። ከሩቅ ሥራው የተመለሰው እምሩም አብሯት ነበር። የኅዳሩ በሽታ ሙታን የት እንዳሉ የጠየቀችው አንድ ሽማግሌ መቃብር ቆፋሪ ነው። ሽማግሌው ወደ አጥሩ ያለውን ሣር የለበሰ ሰፊ መሬት በእጁ አሳያት። ማን የት እንደሆነ እንደማይታወቅ፣ እሱም ያን ጊዜ ከታመሙት አንዱ እንደነበረ ነገራት። አይናዲስ መሬቱን ዙሪያውን ዞረችው። ዳቦውን ለነዳያን አደለች። ሽማግሌው መሶቡን ሲያይ ሚስቱ እንጀራ የምታኖርበት እንደሌላት አነሣ፤ እሷም ሰጠችው። እምሩ ይህን ያህል የለፋችበትን እንዴት እንደሰጠች ሲጠይቃት ሌላ እንደምትሰፋ ብቻ መለሰችለት።

በ1920 ክረምት ደግሞ ከተማው ውስጥ ተስቦ ገባ የሚል ወሬ ተነሣና አይናዲስ በሯን ዘጋች። ሁለት ወር አልወጣችም። እምሩ በአካባቢው ስለነበር ተጨንቆ በሩን ሊሰብር ፈለገ። ዐፊፋ ከለከለችው።

«መንገዱን ታውቀዋለች» አለችው። «አንዴ ሄዳበታለች።»

በየማለዳው ጥቂት አክርማ በበሩ ሥር እያስገባች ትሄዳለች። ወሬው ሲበርድ አይናዲስ እንደ መጀመሪያው በርጩማዋን ከብርሃኑ ጫፍ አኖረች። ያን ጊዜ ከአልጋ እስከ ገበያ ሁለት ዓመት የፈጀባትን መንገድ በሦስት ሳምንት ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አራዳ ገበያ ከዐፊፋ ጎን ተቀምጣ ስፌቷን ትሸጥ ነበር። ጥለቷን ያዩ ሴቶች ከየት እንዳመጣችው ይጠይቋታል። ላሳያችሁ ትላለች እንጂ ነገሩን አትተርክም። ከእነዚያ ሴቶች ሦስቱ እቤቷ እየመጡ ተማሩ። ለእነሱም በቀን ከአንድ ዙር በላይ አትፈቅድም፤ አንደኛዋ ተናዳ ቀረች።

በ1924 ሙሄ ዕድሜው ስለገፋ ወደ አገሩ ወሎ መመለስ ፈለገ። በጥቅምት ከሚወጡ ነጋዴዎች ጋር ሊሄዱ ዕቃቸውን በአህያ ጫኑ። አይናዲስ ልትሸኛቸው ወጣች። ድልድዩን ተሻገሩ፤ ዐፊፋ ተመለሺ አለቻት። ትንሽ ልሂድ አለች። እንዲህ እየተባባሉ የከተማው ዳር ሾላ ደረሱ። እዚያ ተላቅሰው ተለያዩ። አይናዲስ በዕድሜዋ ያን ያህል ርቃ ሄዳ አታውቅም ነበር። ስትመለስ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ያዛትና መንገድ ዳር ካለ አንድ ቤት ተጠለለች። የቤቲቱ ባለቤት በዚህ ዝናብ የትም አትሄጂም ብላ እራት አቀረበችላት። አይናዲስ እዚያው አደረች።

ጠዋት እምሩ እሪ በከንቱ መጥቶ የእኅቱን በር ተቆልፎ አገኘው። ከውጭ ተቆልፎ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። ጎረቤት ጠየቀ፤ ማንም አያውቅም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ረፋዱ ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኖ ዳገቱን ስትመጣ አያት።

«የት ከርመሽ ነው፣ እታለም?»

«ሾላ አደርኩ» አለችው። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ በሩን ከፈተችለትና ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው።