አሜን ያልንለት ምርቃት

አባቴ ሰባኪ ነው። ይህን አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ በዕብራይስጥማ ጭራሽ አልናገረውም። እኛ ሰፈር፣ እስራኤል ውስጥ ቅርያት ማላኺ ከተማ፣ ለክርስቶስ ሰባኪ የሚሰጠው ሚሲዮን የሚለው ስም ስድብ ነው። ሌባ ቢባል ይሻለው ነበር፤ ሌባ ቢያንስ ተመልሶ አይመጣም።

ግራ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። ቤተ እስራኤል የሆኑት የአባቴ አያቶች ክርስትና ተነሥተው ስለነበር፣ እኛ ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ላይ ስንት ዓመት ደጅ ጠንተናል። ወደ ይሁዲነት የመመለሻውን ትምህርት ተምሮ፣ ጸሎቱን በቃሉ አጥንቶ የገባ ሰው፣ እዚህ ከመጣ በኋላ አንድ የፋብሪካ ጓደኛው በእረፍት ሰዓት ወንጌል ቢያነብለት አምኖ ቁጭ አለ። "አባ፣ በስንት መከራ የተላቀቅነውን ነገር እንዴት መልሰህ ታመጣብናለህ?" ስለው፣ "መሲሑ ራሱ አይሁድ ነው፤ እኔ ምኑን ከዳሁ?" ይለኛል።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ጎረቤት ከተማ ገዴራ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ ፋብሪካው በጊዜ ሲዘጋ አባቴ በአውቶቡስ ገዴራ ይመጣል፤ ከዚያ በእኔ አሮጌ መኪና ያቭነ ከተማ እንሄዳለን። ያቭነ ውስጥ ዕብራይስጥ እምቢ ያላቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ አማርኛ የማይሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። አባቴ መድኃኒታቸውን ከክሊኒክ ያመጣላቸዋል፣ ጥፍራቸውን ይቆርጥላቸዋል፣ ስለ አገር ቤት ከብቶቻቸው ሲያወሩ ሳይሰለች ይሰማቸዋል። ሊወጣ ሲነሣ ታዲያ "ልጸልይልዎት?" ይላል። ያኔ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዱ ከዘራውን ያነሣል። በሳምንቱ ጥፍር መቁረጫውን ኪሱ ከቶ፣ ከዘራ ወደተነሣበት ቤት ይመለሳል። ይህን ሁሉ ትሕትና ከዚህ ሁሉ ድርቅና ጋር እንዴት አንድ ሰው ውስጥ እንደከተተው ፈጣሪ ይወቅ።

ከሁሉም ኃይለኛዋ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። "ስማ፣ ኢየሱስህን ደጅ አቁመህ አንተ ብቻህን ግባ" ይሉታል።

"እሺ እማማ። ግን ደጅም ቢቆም ይሰማል።"

"ይስማ! እኔ ምን ደበቅሁ? ያላ፣ ቶሎ በል፣ ግባና እግሬን እይልኝ።"

እኔ አብዛኛውን ጊዜ ሰው እንዳያየኝ መኪናው ውስጥ እጠብቀው ነበር። አንድ ቀን ሙቀቱ ሲያቅተኝ ገባሁ። በሩን የከፈተልኝ፣ ለቅዳሜው ሻባት ቤታቸውን ሊወለውል የመጣ የልጅ ልጃቸው ነበር፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ የጠበቅሁበት ዓርብ ትዝ አይለኝም። በአጭሩ፣ ባሌን ያገኘሁት አባቴ ሊሰብክ በሄደበት ቤት ነው። ይህ ለማን ይነገራል?

ልንጋባ ስንወስን ግን ነገር መጣ። አባቱ ያቭነ የምኩራብ ኃላፊ ናቸው። አባቴ እናታቸው ቤት መግባቱ ሲያንገበግባቸው የኖረ ሰው ናቸው። በልጃቸው በኩል ላኩብኝ፤ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ፣ ነገር ግን በምርቃቱ ላይ ያ ስም ከተጠራ አሜን አይሉም። አሜን ካላሉ ደግሞ ጋብቻ የለም።

"ቤሰደር፣ ምን ችግር አለው፣ አንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ዝም ይበልልን" አለኝ እጮኛዬ።

እኛ ዘንድ የሙሽራዋ አባት ቆሞ ይመርቃል፤ በየመሐሉ የተሰበሰበው ሰው አሜን እያለ ይቀበላል። አባቴን "ያለ ስሙ መርቀኝ" አልኩት።

"ያለ ስሙ የምመርቅበት አፍ የለኝም፣ ልጄ። ድምፄን ግን አይሰሙም፤ ቃሌ ነው" አለ።

ተናደድኩ። ለማያውቃቸው ሰዎች ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው፣ ለእኔ አንዲት ስም መዋጥ ያቅተዋል? ወዲያው ደግሞ፣ ቢውጣት ኖሮ እንደምንቀው ታወቀኝ። በየትኛው እንደምናደድ ጠፋኝ።

ቀኑ ደረሰና እንግዶቹ፣ አሮጊቷም ጭምር፣ ቅርያት ማላኺ መጡ። እናቴ ዕቃችንን እንዳይጠየፉ ብላ የወረቀት ሳህን አቅርባ፣ ምግቡን ሁሉ መበላቱ የተፈቀደ መሆኑን የሚመሰክረው የኮሸር ማኅተም ሳይነሣ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ነበር። ወሬው መልካም ሄደ። ጉዳዩን ያልሰማ አንድ ሽማግሌ "እንግዲህ የልጅቷ አባት ይመርቁን" ሲል ግን ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ።

አባቴ ብድግ አለና መዳፎቹን ዘረጋ። የልጁ አባት ለመነሣት ባርኔጣቸውን ያዙ። አለቀልኝ አልኩ።

የአባቴ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ የለም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱ እየቀላ፣ እየመረቀኝ ነበር፤ ግን ምንም አይሰማም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የትኛው ጋ አሜን እንደሚባል ማን ይወቅ?

"አሜን!" አሉ አሮጊቷ ከሶፋው ላይ።

ልጃቸው ደነገጡ። "እማ፣ ምን እንዳለ ሰማሽ?"

"አልሰማሁም። ጥፍሬን ለሚቆርጥልኝ ሰው አሜን ለማለት የግድ መስማት አለብኝ?"

የአባቴ ከንፈር እንደገና ተንቀሳቀሰ። አሮጊቷ እንደገና "አሜን" አሉ። ሽማግሌዎቹም አጉረመረሙ። እኔም አልኩ። በመጨረሻ የልጁ አባት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱና መሬት መሬት እያዩ "አሜን" አሉ። ሰውየው የእናታቸውን አሜን ይሁን የአባቴን ምርቃት የተቀበሉት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅናቸውም።

ያን ስም እኔ አላምንበትም። አሁን ስጽፈውም አላምንበትም። ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ደጋግሞ እንደጠራው አውቃለሁ፤ ደስ ብሎኝም ነበር፣ እና ለምን ደስ እንዳለኝ ሊገባኝ አልቻለም።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ሳህን ሲሰበስብ አጠገቡ ሄድኩ።

"አባ፣ ምን ብለህ ነው የመረቅኸኝ?"

"አሜን ብለሻል እኮ።"

"አልሰማሁም። አሁን ሄደዋል፤ ጮክ ብለህ ንገረኝ።"

በሕይወቴ አባቴን ጮክ በል ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኑ ውኃ ሞላ፤ ከዚያ አይሆንም በሚል አንገቱን ነቀነቀና ሳህኖቹን መሰብሰቡን ቀጠለ።