አማርኛ የተጫነበት ስልክ

ሁለት ሺህ ስድስት ግድም ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የሚልከው መልእክት አባቴ ስልክ ላይ ሲደርስ ሳጥን ነበር። ፊደል የለ፣ ነጥብ የለ፣ ባዶ ሳጥን በሳጥን ተደርድሮ ይመጣል። በዚያን ጊዜ አሮጌ ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስልኩ ራሱ አማርኛ ስለማያውቅ፣ የተጻፈልህ ደግ ይሁን ክፉ አንድ ዓይነት ሳጥን ሆኖ ነው የሚታይህ። ስልኩን ለአባቴ የሰጠው ደግሞ ራሱ ወንድሜ ነው። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን አወረሰው፤ ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው በታጠፈ ወረቀት ተደግፎ የሚቆም። ሰጥቶ ሲያበቃ "አማርኛ አያነብም እኮ፣ ሲስተሙ አርጅቷል፣ ሶፍትዌር አስጭኑበት" እያለ በደወለ ቁጥር ይጨቀጭቀን ጀመር። እየደወልክ መልእክቱ ምን ያደርግልሃል? ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። መደወል ሰልችቶት ነው። እንደመጣለት ጽፎ መገላገል ፈልጎ ነው። ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ይህን ሳወራ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያርራል።

አባቴ ስልኩን አላስነካም አለ። ያላስነካበትን ምክንያት ወንድሜም ያውቃል፤ የእናቴ ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር።

አባቴ ወሎ ተወልዶ፣ በመንግሥት ሥራ አርባ ምንጭ ተመድቦ፣ ጡረታ ወጥቶም እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እናቴ ከአርባ ምንጭ በላይ ያለችው የደጋዋ ጨንቻ ልጅ ናት፣ ጋሞ። አማርኛ የለመደችው እሱን ካገባች በኋላ ነው። ሲስቅም ሲቆጣም በአማርኛ፣ እሷም ስትመልስለት በአማርኛ፤ ቤታችን ጋሞኛ የሚሰማው እህቷ ከደጋ ስትወርድ ብቻ ነበር። ያኔም ቢሆን አባቴ ከሳሎን ሆኖ "ኧረ እኛም በምንሰማው አውሩ፣ እያማችሁን ነው መሰል" ይላል። ሁሉም ይስቃል፣ እነሱም ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። እኛ ልጆቹ ያደግነው የገበያ ጋሞኛ ይዘን ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንሺልኝ፣ ደህና ዋልሽ። ሙዝና ማንጎ ይገዛበታል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ለእኔም ለወንድሜም ከሳጥኑ አይሻልም።

እናቴ የታመመች ጊዜ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ከአልጋ ከዋለች በኋላ አባቴን ታየዋለች፣ ታውቀዋለች፣ እጁን ይዛ አትለቅም፤ ከአፏ የሚወጣው ግን ጋሞኛ ብቻ ሆነ። እሱም የደጋ ጋሞኛ፣ የድሮ ሰው አነጋገር፣ ግማሹ ጥርሷ ውስጥ የሚቀር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ትምህርት ቤት ነው የምውለው። አጠገቧ የሚውለው አባቴ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ምሳዋን ከቀማመሰች በኋላ ወደ እሱ ዞራ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ስትደግመው ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ቀዳው። ማታ ስመለስ አሰማኝና "ምርቃት ነው፤ ቃናው ያስታውቃል" አለኝ። ከዚያ ብዙም አልቆየች፣ አረፈች።

የቀበርናት እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ላይኛው ከተማ ሴቻ ነው። አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ከጨንቻ ወርዳ ድንኳን ውስጥ ቆመችና አስከሬኑ ደጋ ይውጣ አለች። አማርኛዋ ላይ ሴቱና ወንዱ ይቀላቀልባታል፤ "እህቴ ቆላ መቀበር አይፈልግም፣ እኔ አውቃለሁ" አለች። አባቴ ያን ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ "ብትፈልግ ለእኔ ትነግረኝ ነበር። ስንት ዘመን አብሬያት ስኖር አንድ ቀን ያላለችውን ዛሬ ከየት አመጣሽው?" አላት። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከእሱ ጋር ቆሙ፣ ባል ነዋ። አክስቴ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ሰልስት እንኳ አልዋለችም። ከዚያ ወዲያ ብንደውልላት አታነሳም።

አባቴ ጠዋት ጠዋት ጸሎቱን ሲጨርስ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እናቴን ይሰማታል። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ። እኔም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የገባኝ "ቤት" የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ጋሞኛ የሚያውቅ ጎረቤት ሞልቷል፣ እናሰማ ስለው ዓይኑ ይቀላል። "የሚስቴን የመጨረሻ ቃል ለባዳ ጆሮ አልሰጥም። የምትተረጉምልኝ እህቷ ናት፤ እሷ ስትታረቀን ነው" ይላል። አክስቴን ለማስታረቅ ደግሞ ሰው አይልክም። ያኔ ግትርነቱ አናዶኝ ነበር። ፍርሃትም እንደነበረበት የገባኝ በኋላ ነው።

ለሙት ዓመቷ ወንድሜ በአውሮፕላን መጣ። ለቀብሯ በሁለተኛው ቀን የደረሰ ሰውዬ፣ ለተዝካሯ ከዋዜማው በፊት ከች አለ፤ ይመስገን ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነኝ፤ በርበሬው፣ ጠላው፣ የእንግዳው ነገር አላስተነፍስ ብሎኛል። እሱ አባቴን ይዞ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወረደ። ለልብስ መስሎኝ ነበር። ለካ ለስልኩ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ "አባዬ፣ ድምፁ የትም አይሄድም፤ ያለው ሚሞሪው ላይ ነው። ሲስተሙ ብቻ ነው የሚቀየረው" ብሎ አሳምኖታል። አባቴ ልጁን አመነ። ልጁ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው አይደል እንዴ፣ ለምን አያምነው።

የሄዱበት ቤት መናኸሪያው አጠገብ ካሉት ጠባብ የስልክ ጥገና ቤቶች አንዱ ነው። እነሱ ፍላሽ ማድረግ ይሉታል፤ አሮጌው ሲስተም ተጠርጎ ይወጣና አማርኛ የሚያውቅ አዲስ ሲስተም ይጫናል። ስልኩ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ተያያዘ። ልክ ያን ጊዜ የወንድሜ ስልክ ጮኸ። የቢሮ ጉዳይ ነው ብሎ ወደ መንገዱ ወጣ። ባንኮኒው ጋ አባቴ ብቻውን ቀረ።

ሠራተኛው ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ሳይጠይቅ አልነካም። "አባባ፣ ላጥፋው አይደል?" አለ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሕግ ነበረው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሳይጠፋ አይነካም። አምፖል ሲቀይር ቆጣሪ የሚዘጋ፣ ሬዲዮ ሲያጸዳ ከሶኬት የሚነቅል ሰው ነው። እንዲያውም ሳይጠፋ እንዴት ተነካ ብሎ ሲጨነቅ ነበር። "አጥፋው እንጂ፣ ሳይጠፋማ እንዴት ይሆናል" አለው።

እሱም አጠፋው።

ምን ላድርግ፣ አማርኛችን እንደዚህ ነው። ፋኖስም ይጠፋል፣ ገንዘብም ይጠፋል፣ የተጻፈም ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል፤ ለሁሉም ያለን አንድ ቃል ነው። ሠራተኛው ውስጡ ያለውን ሁሉ ልጥረገው ወይ ማለቱ ነበር። አባቴ የሰማው ስልኩን ልዝጋው ወይ ሲለው ነው። ሁለቱም አልዋሹም፣ ሁለቱም አልቸኮሉም። ወንድሜ የስልክ ወሬውን ጨርሶ ሲመለስ ሥራው ተጀምሮ ነበር።

ደስ ብሏቸው ነው የተመለሱት። ወንድሜ ሳሎን ውስጥ በእንግዳ መሀል ቆሞ "አባዬ፣ ይነበባል?" ብሎ ጻፈለት። ጥርት ብሎ መጣ፤ የጥያቄ ምልክቱ ሳይቀር። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው፣ እንግዶቹም ጎሽ አሉ። እኔም የሆነውን ስላላወቅሁ እጄን በመቀነቴ እየጠረግሁ ስቄያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቱን ጨርሶ ስልኩን አነሳ። ቆየ። ከዚያ ጓዳ ድረስ መጣና "የት ሄደች?" አለኝ። ድምፁ የት ሄደ አላለም።

እኔ ፈለግሁ፣ የለም። ወንድሜን ከእንቅልፉ ቀሰቀስነው። "ሚሞሪው ላይ ነው፣ ቆይ" ብሎ የስልኩን ጀርባ ከፈተ። የሚሞሪው ቦታ ባዶ ነው። አየው፣ አየው፣ ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። "ለካ ሚሞሪውን ስሰጣችሁ አውጥቼዋለሁ። የእኔ ፎቶዎች ነበሩበት" አለ። ሚሞሪ በሌለበት ድምፁ የተቀመጠው ስልኩ ላይ ራሱ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ተጠርጓል። ይህን ሁሉ ሲያስረዳን ቆየና መጨረሻ ላይ "ግን እንዴት ሌላ ቦታ ሳትገለብጡት ትቆያላችሁ?" አለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።  ተዝካር የበላው ሰው ገና ከቤት ሳይወጣ የማይባል ነገር አልኩት፤ ዛሬም አልጸጸትም።

ወደ ሲቀላ ተመልሰን ሄድን። ሠራተኛው "ጠይቄያቸው እኮ ነው፣ አጥፋው ብለውኛል" አለና ዓይኑን ወደ አባቴ መለሰ። አባቴ "ብዬዋለሁ፣ ልክ ነው" አለ። ሰውየው ላፕቶፑ ላይ ያለውን ዘዴ ሁሉ ሞከረ፣ የጓደኛውንም ፕሮግራም አስመጥቶ ሞከረ፤ አልተገኘም። ወንድሜ በዚያው ሳምንት ወደ ሥራው በረረ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ "እንኳን አደረሳችሁ" እያለ ይጽፋል፤ ፊደሉ አንድም አይጎድልም።

 አንድ ጠዋት ከአባቴ መኝታ ቤት ድምፅ ሰማሁ። ስልኩ መስሎኝ ሮጥኩ። እሱ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲሰማው ከርሞ በቃሉ ይዞታል፤ ትርጉሙን አንዲት ቃል ሳያውቅ፣ ከሳሏ ጋር፣ ትንፋሿ ከሚቆረጥበት ጋር፣ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ነው። ግን ችግር ነበረው፤ አፉ የወሎ አፍ ነው። በየቀኑ አንዱ ድምፅ ወደ አማርኛ እየታጠፈ ሲሄድ ለእኔ እንኳ ይታወቀኛል። ለእሱም ታወቀው። "ሳልረሳው እንሂድ" አለኝ። የት ብዬ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ጨንቻ ወጣን። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር የቆላው ሙቀት ከኋላ ቀረ፤ ላይ ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት አባቴ በጋቢ ተጠቅልሎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እንዳይጠፋበት እየደገመ ነው። 

አክስቴ በሯ ላይ ቆማ አየችን። ከበር የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነውና "ሳሮ" ብላ ሰላምታ ሰጥታ አስገባችን፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። ተቀምጣ ጥጧን መፍተል ቀጠለች። አባቴ አልተቅለሰለሰም፣ ምክንያትም አልደረደረም። "እህትሽ ስትሞት የተናገረችውን ቀድቼ ነበር። አጠፋሁት። አፌ ላይ የቀረውን ግን ስሚኝ" አላት።

ከዚያ አለው። መጀመሪያ ላይ አክስቴ ግንባሯን ቋጠረች፤ ያሾፈባት ሳይመስላት አልቀረም። "ድገመው" አለችው። ሲደግመው እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች። በሦስተኛው ከንፈሯ ከእሱ ጋር ይንቀሳቀስ ጀመር፤ እሱ ያጣመማትን አንዲት ቃል ቀድማው አቃናችለት። ሲጨርስ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች።

"ምርቃት ነው አይደል?" አላት አባቴ።

"ምርቃት አይደለም።"

"እና ምንድነው?"

አክስቴ እሱን ትታ ወደ እኔ እያየች ነው የተናገረችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ ይላል። ሳልሞት ወደ ላይ አውጡኝ፣ ጉሙን ልይ ይላል። ከሞትኩም እዚያው ቅበሩኝ፣ ቆላ አትተዉኝ፣ ሙቀቱን ፈርቻለሁ ይላል።"

አባቴ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። "መጨረሻ ላይ ያለውስ? ያቺ ደጋግማ የምትላት?"

"እሱ..." አለች አክስቴ። አንድ ጊዜ በጋሞኛ ለራሷ አለችው፣ ከዚያ በአማርኛ ፈለገችው። "'አማርኛው ጠፋኝ' ይላል። 'እናንተ ለባሌ ንገሩልኝ' ይላል።"

 አባቴ ወደ እሳቱ ዞረ።

"ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም" አለ። "እኔ ብቻ ነበርኩ።"