ሒናው እስኪለቅ

ባለፈው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ ሒና ተበጠበጠ። ጦርነቱ ከካርቱም አባሮ ያመጣቸውና የኋላውን ክፍል የተከራዩት ሰዎች ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና፣ ሴቶቹ ከጠዋት ጀምረው ጥቁሩን ሊጥ በሣህን አሹት፤ ማህለቢያ የሚሉትን ጣፋጭና ከባድ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉበት፤ ሽታውም ግቢውን አቋርጦ አባቴ በጠፍር አልጋው ላይ ወደተጋደመበት ጥላ ደረሰ። አባቴ ከታመመ ወዲህ አንዳንድ ቀን እኔንም አያውቀኝም፤ በሞተው ወንድሙ ስም ይጠራኛል። ሽታው ሲደርሰው ግን ቀና አለ፤ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረና በድሮው የሰባኪነት ድምፁ «አስካለ መጣች?» አለ። «በርሜሉን ሙሉላት እንጂ! ሰው ይጠብቃል እኮ።»

በርሜሉ ዛሬም አለ። ሰማያዊ ቀለሙ ተላጦ፣ አፉ ዙሪያውን ዝጎ፣ ከኩሽናው ግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ ተፈናቃዮቹ የመጠጥ ውሃ ያጠራቅሙበታል። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ሰው የሚድንበት ዕቃ ነበር።

ወላጆቼ እኔ ሳልወለድ በመተማ በኩል ተሻግረው ገዳሪፍ የገቡ የጎንደር ሰዎች ናቸው። አባቴ ቀን ቀን ግንበኛ ነበር፤ ከዚያ ውጭ ግቢያችን ውስጥ የሚሰበሰብ የአንዲት ትንሽ ጉባኤ ሽማግሌ። እዚህ አገር የሥራ ማረፊያው ዓርብ፣ እሑድ ደግሞ የሥራ ቀን ስለሆነ እኛ የምናመልከው ዓርብ ዓርብ ነበር። ስለዚህ እኔ የጌታ ቀን ማለት ዓርብ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ጌታ ዓርብ ተሰቅሎ እሑድ ተነሣ ብሎ ሲሰብክ በጣም ተቸግሬ፣ እንዴት በሥራ ቀን ሊነሣ እንደቻለ እናቴን ጠየቅኋት፤ እሷም አፌን በጉርሻ ዘጋችው።

ከተማችን ወንዝ የላትም። ራሃድ ሩቅ ነው፤ ቅርብ ቢሆንም እንኳ በሰው ፊት ሰው እያጠለቁ ማውጣት በዚህ አገር የሚሞከር አልነበረም። አባቴ ከሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ቤት ያገለገለ በርሜል ገዝቶ አመጣ፤ በአመድ አሸው፤ በሳሙና አጠበው፤ ፀሐይ ላይ ገልብጦ አከረመው፤ ሽታው ግን አልወጣም። ውሃውን በአህያ የሚጎተት ጋሪ ያመጣል፤ ተጠማቂው በአባቴ ጡቦች ላይ ይረግጥና ይገባል፤ ይንበረከካል፤ ውሃው ከራሱ በላይ ይገጥማል፤ ሲወጣ መላ ገላው ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። እኛ ልጆች እየተጠጋን እናሸት ነበር። አንዴ ጋሽ ታከለ የሚባሉ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ገብተው መውጣት አቃታቸው፤ ወንዶቹ በርሜሉን ከነሰውየው አጋድመው አፈሰሷቸው፤ እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሳቀች። ጋሽ ታከለ ጭቃ ላይ እንደተዘረሩ «ሃሌ ሉያ» አሉ። በዚያ ቀን አባቴም ስቆ ነበር። ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ስለሆነ እያንዳንዱን አስታውሳለሁ።

አስካለ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከአርማጭሆ በልጅነቷ ነው የመጣችው፤ ሐሰን የሚባል የሎሪ ሹፌር ሚስት አድርጎ ቤት አስገብቷት ሐናን የምትባል ሴት ልጅ ወልዳለታለች። ሐሰን ክፉ ሰው አልነበረም። ከመንገድ ሲመለስ ሽንኩርት በጆንያ ያመጣል፤ ከዚያ ለእኛም ትልክልን ነበር። አስካለ ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆውን ዝቅ፣ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጋ ነው፤ አረፋው ካልሞላ አትሰጥም፤ መልሳ ትደፋዋለች። ማንበብ አትችልም ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ከአባቴ የፊደል ገበታ ራሴን ያስተማርኩ ልጅ ስለነበርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲያንስ ዱካዋ አጠገብ ተቀምጬ ፊደል አስቆጥራት ነበር፤ እሷ በከሰል ስባሪ በትሪዋ ጀርባ ላይ ትጽፋለች፤ ስትሳሳት በምራቋ ታጠፋና «ኧረ ይኼ ጌታ ቀላል ፊደል አጥቶ ነው እንዴ?» ትላለች።

ዓርብ ዓርብ ከኋላ፣ በር አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ዓርብ አባቴ ስለ ሙሽራዪቱ ሰበከ። ያመነች ነፍስ ለባሏ እንደተሸለመች ሙሽራ ናት፣ ሙሽራው ሲመጣ ተዘጋጅታ ትገኝ አለ። እኔ እየሰማሁ አንቀላፍቻለሁ፤ አስካለ ግን ፊቷን በቶቧ፣ ያ የሱዳን ሴቶች በሚጠቀለሉበት ረጅም ጨርቅ፣ ሸፍና ስታለቅስ ነበር። ከጉባኤው በኋላ ልጠመቅ አለች።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩ፤ መጀመሪያ ከዚያ ሰው ቤት ትውጣ አሉ። ይህን ሲሉ የሚከተለውን ያውቁ ነበር፤ ልጅ የአባት ናትና ሐናን ከአባቷ ጋር ትቀራለች። አስካለ ለወራት አሰበችበት። ከዚያ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አንድ ዘንቢል ይዛ መጣች። እኛ የምናመልክበት የሣር ዳስ ጥግ ላይ ሰሌን ተነጠፈላት። ዘንቢሏን ስታራግፍ ከልብሷ መሐል አንዲት ቢጫ የልጅ ነጠላ ጫማ ወደቀች። ጫማዋ በጥድፊያ ነው ዘንቢሉ ውስጥ የገባችው፤ ጥንዷ ሐሰን ቤት ቀርታለች። አስካለ ጫማዋን በሁለት ጣቷ ላይ አጥልቃ ሰሌኑ ላይ ስታራምዳት አየሁ፤ ወዲያው «ወይኔ፣ ባንድ እግሯ ነው'ኮ የምትሄደው» አለችና ጫማዋን ትራሷ ሥር ከተተቻት።

ጥምቀቱ ለመጣው ዓርብ ተቆረጠ። በዋዜማው አስካለ ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከትያት ሄድኩ። ሐጃ ሒና በመቀባት የታወቁ አሮጊት ናቸው። አስካለን ጭናቸው ላይ እግሯን አስዘርግተው፣ ከውስጥ እግሯ ጀምረው እስከ ቁርጭምጭሚቷ አጠቆሩላት፤ መዳፏ ላይ ቅጠልና አበባ ሳሉ፤ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ አለበሷቸው። ሙሽራው ማን ነው ብለው ቢጠይቋት በዐረብኛ «ዒሳ» አለች፤ ኢየሱስ ማለቷ ነው። ሐጃ ሰውየው ደግ ነው ወይ አሉ። «ደግ ነው» አለች። አሮጊቷም እልል ብለው ዋጋ አልቀበልም አሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለጥምቀት እንዲህ የተሰናዳ ሰው አላየሁም።

ዓርብ ጠዋት በርሜሉ እስከ አፉ ሞላ። አስካለ ነጭ ለብሳ፣ ባዶ እግሯን ከዳሱ ወጣች። መዝሙሩ መሐል ላይ ተሰበረ። የማያውቅ ሰው እንዲገባው ልንገር፤ በዚህ አገር ሴት እግሯን ሒና የምትቀባው ለባሏ ነው። ባሏ የሞተባት ትተወዋለች፤ ያላገባች አትነካውም። እኛም ክርስቲያኖች ብንሆንም እዚሁ የኖርን ስለሆንን፣ ጥቁር እግር ባየን ቁጥር ባልየው ቤት ገብቷል እንል ነበር።

«ኧረ እግሯን እዩልኝ!» አለች እኅት ብርቄ፤ የአንዱ ሽማግሌ ሚስት ናት። «ትናንት የት አድራ ነው የመጣችው?»

አስካለ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው መስሏት ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ከዚያ ገባት።

«ለሐሰን አይደለም ጋሼ» አለች ለአባቴ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ሙሽራ ነሽ ያሉኝ? ሙሽራ እንዴት ብላ ነው ሳትኳል፣ ሳትቀባ...»

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ሙሽራውም ሎሪ ይነዳል እንዴ?» አለ፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ታከለም ሳቁ፤ እኒያ ከበርሜል የፈሰሱት።

አባቴ አልሳቀም። ዐይኖቹን ከእግሯ አነሣና እንደ ወትሮው በለሰለሰ ድምፅ «እኅቴ፣ ጌታ ታጋሽ ነው። ደካማ የሆኑት እንዳይሰናከሉ ብለን ነው። ሒናው ሲለቅ ትመጫለሽ» አላት።

«ሰውዬ፣ ውሃው ሞልቷል እኮ!» አለች እናቴ። በጉባኤ መሐል ስትናገር የሰማሁት የዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ውሃ ሁልጊዜ አለ» አለ አባቴ። ገዳሪፍ ላይ ነው ይህን ያለው።

ያለ ልማዴ ምሳ ላይ የሐጃን ነገርና የዒሳን ነገር ነገርኩት። ጉርሻውን ሳይቸኩል አላምጦ ከዋጠ በኋላ፣ እንግዲያው ልቧ ንጹሕ ከሆነ መጠበቁ ምን ይጎዳታል አለኝ። ዛሬም ያ ጥያቄ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ለማሳየት ረጅም ጊዜ ይወስድብኛል፤ ትክክል የሚመስል ነገር ነው።

አስካለ ግን መጠበቅ አልቻለችም። የእግር ሒና ለሳምንታት የሚቆይ ነው፤ ጥፍር ላይ ያለው ደግሞ ጥፍሩ አድጎ ካልተቆረጠ አይለቅም። በአሸዋ ፈተገችው። በድንጋይ ሞረደችው። ከዚያ በረኪና ገዝታ እግሯን በሣህን ውስጥ ነከረች፤ ቆዳዋ ነጭ ሆኖ ተነሣ፤ ከሥሩ ቀይ ወጣ። ዓርብ ዓርብ ጉባኤው ሳይጀመር የበርሜሉ መወጣጫ ጡብ ላይ ትቀመጥና እግሯን እንደ ልጅ ትዘረጋለች፤ አባቴ መነጽሩን አድርጎ ያይላታል። ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል፣ አንዱን ከአንዱ ጣት ለይቶ። «ጥፍሩ ላይ አለ» ይላል። እኅት ብርቄም ጎንበስ ብላ አይታ «አይዞሽ እኅቴ፣ ጌታ አይቸኩልም» ትላታለች።

ዝናቡ ገባ። የገዳሪፍን ጥቁር ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል፤ ጫማ ይጎትታል፤ በባዶ እግር ለሚሄድ ቁስል ደግሞ መርዝ ነው። እናቴ በጨው ውሃ ታጥብላት ነበር፤ እብጠቱ ግን ወደ ባቷ ወጣ። ሌሊት ሌሊት የተማረቻቸውን ፊደሎች ትጠራለች፤ ትኩሳቱ ነው ትላለች እናቴ። አንድ ዓርብ እኛ እየዘመርን ሳለ አስካለ ከዳሱ ወጣች። ማንም አላስቆማት፤ ወደ ሽንት ቤት የሄደች መስሎን ነበር። ትራሷን ስናነሣ ቢጫዋ ጫማ የለችም።

ወሬዋን ያመጣልን የሐሰን ረዳት ነው። በትራክተር ተጭና መፋዛ ወደሚባል ስፍራ ሄዳለች፤ ሐሰን ሐናንን እዚያ እናቱ ዘንድ ወስዷት ነበር። ሌላ ሚስት አግብቷል፤ ቢሆንም አላባረራትም፤ እናቱ ቤት አስተኟት። ዝናቡ ሳያባራ ሞተች። የሐሰን እናት የጥፍሯን ሒና አይተው ይህች የእኛ ናት አሉ፤ ገላዋን እንደ ሥርዓታቸው ከራሷ እስከ እግሯ በንጹሕ ውሃ አጥበው፣ በነጭ ከፍነው ራሃድ አጠገብ ቀበሯት። ረዳቱ ይህን ሲናገር አባቴ አሸዋ እየነፋ ነበር። «ነፍሷን ጌታ ያውቃል» አለና መንፋቱን ቀጠለ።

እነሆ አሁን አባቴ ረስቷል። ቢረሳ ባልከፋ፤ ግን በባዶው ቦታ ሌላ ተክሎበታል። ሊጠይቀው ለሚመጣ ሁሉ አስካለን እንዴት እንዳጠመቃት ይተርካል፤ ከውሃው እየሳቀች እንደወጣች፣ ቶቧ እንደከበዳት፣ የሰሊጡ ሽታ እስከ መንገድ እንደሄደ። ደስታው እውነተኛ ነው። እግዚአብሔር የይቅርታን ነገር ሲናገር ኃጢአትን ወደ ባሕር ጥልቅ እንደሚጥል፣ ዳግመኛም እንደማያስበው አንብቤያለሁ፤ ልጅ ሳለሁ ከቃሉ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ዛሬ በየስልኩ የሚሰማው ስብከትም መዳን ቀላል ነው ይላል፤ እጅህን አንሣ፣ ከእኔ ጋር ድገም፣ አለቀ። እኔ ግን አንድ ሰው ሳይጸጸት ሲረሳ የረሳው ነገር የት እንደሚሄድ አየሁ። ባሕር አይገባም። እኔ ላይ ነው የሚጠራቀመው።

ያ ጉባኤ ዛሬ የለም። ገሚሱ ወደ ከሰላ፣ ገሚሱ ወደ ባሕር ማዶ ሄደ፤ ጋሽ ታከለና እናቴ ሞቱ፤ ዳሱን ምስጥ በላው። ዓርብ ዓርብ ይዘመርበት የነበረው ግቢ የሰው ልብስ ተሰጥቶበታል። ከበርሜሉ የሚቀዳውን ማንም እግሩን አሳይ አይለውም። ስለዚህ የቀረ የለም ማለት እችል ነበር፤ ሙሽራዋ አጠገቤ ስታልፍ የእኔም ዐይን ቀድሞ እግሯን ባይፈትሽ ኖሮ።

«አባዬ» አልኩት፤ አጠገቡ ተቀምጬ። «አስካለን አላጠመቅካትም።»

«እ?»

«መልሰሃታል። ሒና ስለተቀባች።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። በዐይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ከሩቅ መጣ፤ ሲደርስ አየሁት።

«በርሜሉ ሞልቶ አልነበረም?»

«ሞልቶ ነበር።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ውሃ ምን አደረግነው?»

«ሰሌን አጠብንበት» አልኩት፤ እውነት ነውና። እናቴ በማግስቱ ውሃ አይደፋም ብላ የጉባኤውን ሰሌኖች በሙሉ ያጠበችው በእሱ ነው።

አባቴ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ድምፁ ቀጭን ነው። እንባውን በነጠላው ጫፍ ጠረግሁለት፤ ጋደም አደረግሁት፤ ዐይኑን ጨፈነ። ከኋላ ክፍል ሴቶቹ እልል አሉ፤ ነፋሱ ዞረና የማህለቢያው ሽታ ተመልሶ መጣ። አባቴ ቀና አለ፤ ፊቱ ከመቅጽበት በራ።

«አስካለ መጣች?»

ወንበሬን ጠጋ አድርጌ፣ «አባዬ፣ አላጠመቅካትም» ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ነገርኩት።