ማይኩ የድሮ ድምፁን የሰማበት ቅዳሜ

ሾፌሯ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ነድታለች። ባሏ ደግሞ በዚያው መናኸሪያ የአውቶቡሶችን መነሻ በድምፅ ማጉያ የሚጠራ ሰው ነበርና፣ ሠራተኛው ሁሉ «ማይኩ» ይለው ነበር። በድምፁ ተማርካ እንዳገባችው አትደብቅም። «መልኩንማ ያየሁት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል» እያለች ሰው ታስቃለች።

ማይኩ ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ ግን ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ የለውም። የድሮ ድምፁ የቀረው ባልደረቦቹ ከሥራ ሲሰናበት ቀድተው በሰጡት አንድ ዲስክ ላይ ነው።

ልጃቸው እጮኛዋን ይዛ ለምሳ በምትመጣበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሾፌሯ ዲስኩን ለእጮኛው ላሰማው ብላ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ከተተችው። ወይ ፍንክች! ስክሪኑ ላይ ሌላው ሁሉ በቦታው አለ፤ የሲዲ ሮሙ ምልክት ግን ከነጭራሹ የለም። አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው።

ልጇ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ አሮጌ ዕቃ እኮ ነው፤ ሞቶ ይሆናል። ተይው በቃ» አለቻት።

«የሞተ አፉን አይከፍትም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እውነቷን ነው። ቁልፉን ስትጫነው የሲዲ ሮሙ መሳቢያ ወጣ ገባ ይላል፣ ትንሿ መብራትም ብልጭ ትላለች። «ኤሌክትሪክ ደርሶታል ማለት ነው» አለች ለራሷ፤ «ያጣው መልእክት የሚያደርስለትን ነው።»

ሶኬቱን ነቀለች፤ ካቻቢቴ ፈልጋ አመጣችና የኮምፒውተሩን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ክዳኑን ስትፈታ ማይኩ ከሶፋው ተነስቶ አጠገቧ ቆመ።

«ሾፌሯ፣ ተይው» አለ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ዲስኩን። ልጁ አሁን እንዳለሁት ይወቀኝ።»

ቀና ብላ አየችው። «አንተ ካልፈለግክ አይከፈትም፤ ቃሌ ነው። ማሽኑን ግን አልተወውም፤ አሁንማ እልህ ይዞኛል።»

ማይኩ ትከሻውን ሰበቀ፤ ግን አልሄደም። የእጅ ባትሪ አምጥቶ ያበራላት ጀመር።

ከሲዲ ሮሙ ጀርባ ሁለት ገመዶች ይወጣሉ፤ አንዱ ኤሌክትሪክ፣ ሌላው ጠፍጣፋው ደግሞ መረጃ የሚያመላልስ። ጠፍጣፋውን ነቅላ፣ አቧራውን እፍ ብላ፣ ጠበቅ አድርጋ መልሳ ሰካችው። አበሩት። የለም።

«አንድ ለባዶ» አለ ማይኩ።

«ጨዋታው መች አለቀ!»

አጥፍታ እንደገና ነቀለችው። በጣቷ እየዳበሰች ስትሄድ መሀሉ ላይ ቆም አለች። ኮምፒውተሩን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲያዞሩት የክዳኑ ጠርዝ ተጭኖት ኖሮ ገመዱ እዚያ ላይ ተቆልምሟል፤ ላስቲኩም ተሰነጣጥቋል። ቁም ሣጥኑ ላይ ልጃቸው ተማሪ ሳለች የተገለገለችበት የተበላሸ ኮምፒውተር ተቀምጧል። እሱን አውርዳ ገመዱን ወሰደችበትና ሰካችው።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሲዲ ሮሙ ምልክት ከሌሎቹ ጎን ቁጭ ብሏል።

ሾፌሯ አጨበጨበች። ከዚያ ከወንበሩ ተነስታ ቦታዋን ለባሏ ለቀቀችለት። «በል እንግዲህ፣ ከፈለግክ አንተው ክፈተው።»

ማይኩ ማውሱን እንደያዘ ቆየ። ተጫነው።

«ውድ ተሳፋሪዎቻችን፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ነውና በሩን ልቀቁ! ሾፌሯ አትጠብቅም፣ እኔ አውቃታለሁ!» የሚል ወፍራም፣ የተረጋጋ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ከኋላው የመናኸሪያው ሰው ሲስቅ ይሰማል።

ማይኩ አንገቱን ደፋ። «ይሄ እኔ ነበርኩ።»

«ነህ እንጂ» አለችው፤ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ።

እንግዶቹ ሲደርሱ ዲስኩን ደግሞ የከፈተው ራሱ ማይኩ ነው። እጮኛው ዓይኑን አፍጥጦ ሰማ። «አባባ፣ እርስዎ ነዎት?»

ማይኩ በጣቱ ጠቅሶት ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ አለ። «አዎ። ልጄን ካስከፋሃት መናኸሪያ ሙሉ ሰው እየሰማ ስምህን እጠራልሃለሁ።»

ልጁ በሳቅ ፈረሰ። ልጃቸው ምን እንደተባባሉ አልሰማችም፤ የተከፈተውን ሳጥን እያየች ነበር። «እማዬ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«በኋላ አሳይሻለሁ። ምሳው እየቀዘቀዘ ነው፣ እጃችሁን ታጠቡ!»

ሁሉም ተነሱ፤ ማይኩ ግን ዲስኩን ከመጀመሪያው እያስጀመረ ነበር።