ጥጃዋን አታውቂያትም?

ጽሑፌ ተመረጠ። የአማርኛ መምህራችን ሰልፍ ላይ አስነበቡኝና «ቀጥሎ የጉዞ ማስታወሻ አምጪ» አሉኝ። እየዘለልኩ ቤት ስደርስ ጉዞው ራሱ ጠበቀኝ። ከአዲስ ዓለም ወጣ ብሎ ገጠር የምትኖረው አክስቴ ወይንሸት ልጇን ደጉን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ወስዳው፣ መምህርቷ ዕቃ እያሳዩ ጠይቀውት ስላልመለሰ «አይናገርም፣ ለከርሞ ይምጣ» ብለው መልሰውታል። እናቴ «ሐኪም ያስፈልገው እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከ18 ማዞሪያ በታክሲ አስኮ፣ ከአስኮ በአውቶቡስ። ስልኬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ስቀመጥ ረዳቱ አየኝ።

«እህት፣ ቁርስ በልቻለሁ፤ ስልክሽን አልበላብሽም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አለቀቅኩትም፤ ኮልፌ ነው ያደግኩት። ከሆለታ በኋላ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ከአስፋልቱ ወርጄ ጭቃውን በእግሬ አቋረጥኩ።

ደጉ የእናቱን ቀሚስ ይዞ በር ላይ ቆሟል። አራት ዓመቱ ነው። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ኩባያ አነሳሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ዝም። ዓይኑን ግን ከእጄ ላይ አልነቀለም።

«ኧረ ያወራል» አለች አክስቴ። አላመንኳትም። እናት አይደለች፣ ትሸፍንለታለች።

አመሻሹ ላይ ከጓሮ የልጅ ወሬ ሰማሁ፦ ጥጃዋ በአጥር ሾልካ የጎረቤት ጎመን በልታ፣ በዱላ ተባርራ… የጎረቤት ልጅ መስሎኝ ብወጣ ደጉ ነው፤ ለእናቱ ይተርካል። ሲያየኝ ዝም አለ። ይሄኔ ጥርጣሬዬ ባሰ። ከእኔ የሚደብቁት ምንድን ነው?

እሑድ ጠዋት ጥጃዋ ጋ ተከተልኩት።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«ጥጃዋን አታውቂያትም?»

«አውቃታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?» ገመዱን ወደ ራሱ ሳበ። «ልትወስጃት ነው?»

ለካ እኔ ስጠረጥረው እሱም ሲጠረጥረኝ ነበር። ለአክስቴ ስነግራት ሳቀች። «እኛ ቤት የሚጠየቀው የጠፋ ነገር ነው። ኩባያ ይዛ ኩባያ ምንድን ነው የምትለው ምን ፈልጋ ነው ቢል ይፈረድበታል?»

ከሰዓት ሦስታችን መምህርቷ ቤት ሄድን። የከተማ ልጅ ልታስተምረኝ መጣች በሚል ዓይን አዩኝ። እንደምንም ደፍሬ «እስኪ እርስዎ የማያውቁትን ነገር ይጠይቁት» አልኳቸው።

ቁልቁል እግሩን አዩ። «አንደኛው ጫማህ ብቻ ለምን ረጠበ?»

ደጉ እናቱን አየ፤ እሳቸውን አየ። ከዚያ ስለ ወንዙ፣ ስለሚያንሸራትተው ድንጋይ፣ ማዶ ስለሚጠብቀው ውሻ ቀጠለ። መምህርቷ ስሙን ጽፈው ሲጨርሱ እሱ ገና ውሻው ጋ ነበር።

ማታ ኮልፌ ስገባ እናቴ ትንሿን እህቴን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «አፍንጫሽ የታለ? ይሄስ ምንድን ነው?» ትላታለች፤ እህቴ ቶሎ ቶሎ ትመልሳለች። እኔም እንዲህ ነው ያደግኩት፤ ፈተና የለመድኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው ማለት ነው። ደጉ ቤት ወሬ ሞልቷል፣ ፈተና ግን የለም። እናቴን «ሐኪም አያስፈልገውም» አልኳት።

ስንሰነባበት ደጉ «ጥጃዋ ላም ስትሆን ነይ፤ ሰዎችሽንም ይዘሽ ነይ» ብሎኛል። እናንተም ተጋብዛችኋል። ግን የምታውቁትን እንዳትጠይቁት፤ ላሚቱን ይደብቅባችኋል።